የቆርቆሮው መንደር ሽልማት

አስቻለው የነገሩ ቅደም ተከተል ይምታታበታል። ስልኩ፣ ዳቦው፣ የአብዱልፈታ መምጣት፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ምሎ አይናገርም። ሰው ሲጠይቀው «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ዘመኑ 1970 ዓ.ም.፣ ቦታው ናይሮቢ ነው። አስቻለው ፓርክላንድስ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ቢሮ ለጋሼ ገብረመድህን ንድፍ ይሥል ነበር። ጋሼ ገብረመድህን አዲስ አበባ ሳሉ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነበሩ። አንድ ልጃቸውን ተክሉን አክስቱ ዘንድ ትተው በሞያሌ በኩል ወጥተው ነው የመጡት።

በዚያ ዓመት የያዙት ሥራ ከኢስትሊ ሰፈር በታች፣ በወንዙ ዳር ያለው የቆርቆሮ መንደር ፕላን ነበር። መንደሩ ሊፈርስ ነው ይባላል። የጋሼ ፕላን ግን ማንንም ሳያስነሣ መንገድ ያወጣል፣ ውሃ ያስገባል፣ ቦይ ይቀድዳል። ይህንኑ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ ለሚሰጠው ሽልማት አቀረቡት።

«የተሸለመ ፕላን ላይ ቡልዶዘር የሚነዳ ሹም አይገኝም» አሉ። «ብቻ ነዳፊው ራሱ ቀርቦ ለዳኞቹ ማስረዳት አለበት። ከቀረ ሽልማቱ ለተከታዩ ያልፋል።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለላቸው። በሩን ዘግተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እርሳሳቸውን አነሡና «ቀኑ ደርሷል። ይህ እስኪያልቅ ጢሜን አልላጭም» አሉ። አስቻለው የደወለው ማኅበሩ መሰለው።

ጢሙ አደገ። ኢስትሊ ምግብ ቤት ያላት እትዬ አስናቀች ሳህኑን እያቀረበች ነገር ትጀምራቸዋለች።

«ጋሼ፣ ሊመነኩሱ ነው እንዴ?»

«ቆቡን ከሰፋሽልኝ ምን ገዶኝ።»

አስቻለው አንድ ጠዋት ንድፍ ይዞ ማደሪያቸው ሄደ። ፍራሹ መሬት ላይ ወርዷል። አልጋው ወገባቸውን እንደጎዳው ነገሩት። አስቻለውም ይህ ሁሉ ጎንበስ ብሎ መሥራት ያመጣው ነው ብሎ አዘነላቸው።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ጋሼ ሁለት ጆንያ ዳቦ ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ታክሲ አስጭነው መንደሩ ወረዱ። አንድ የሚያውቋቸው ቄስ አብረዋቸው ነበሩ። ቄሱ ባርከው ቆረሱ፤ ጋሼ ለልጆቹም ለሽማግሌዎቹም በእጃቸው አደሉ።

«ስንለካ ገመድ የያዙልን እነዚህ አይደሉም?» አሉት። «ሥራችንም ይባረክልን።»

አብዱልፈታ የሞያሌ ነጋዴ ነው፤ የአገር ቤት ወሬ የሚመጣው በሱ በኩል ነው። የመጣው ሰኞ ነበር። እትዬ አስናቀችን ወደ ጓዳ ጠራት፣ አስቻለውንም ጨመረው።

«የጋሼ ልጅ ተክሉ የለም» አለ። «ከቤት ወስደው ገደሉት። ወላሂ ሰምቼ ባልሰማሁ።»

እትዬ አስናቀች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነችው። ከዚያ «ሽልማቱ መቼ ነው?» አለች።

«ዓርብ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናረዳቸዋለን። ዛሬ ከሰሙ ሐዘን ይቀመጣሉ፤ የዚያ ሁሉ ሰው ቤትም ይፈርሳል።»

«እኔ ግን ፊቴ ያሳብቅብኛል» አለ አስቻለው።

«ፊትህን ወረቀቱ ላይ ድፋው።»

ከጓዳ ሲወጡ ጋሼ ገብረመድህን በር ላይ ቆመዋል። የሦስቱም ወሬ ተቋረጠ። ጋሼ አብዱልፈታን ጨበጡት፣ ጠረፍ ላይ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቁት፣ የመንገዱን ነገር ጠየቁት። ከዚያ ሾርባ አዘዙ።

አስቻለው እግዜር አዳነን አለ። ማታ ተኝቶ ሲያስበው ግን ከነከነው። ድሮ ከሞያሌ የመጣ ሰው ካገኙ ሰላምታው ሳያልቅ «ተክሉስ?» ይሉ ነበር። ሰው ለሽልማት ብሎ የወለደውን ይረሳል? ሳምንቱን ሙሉ ቀና ብሎ ሊያያቸው ከበደው። ከመፍራቱ ይልቅ መታዘቡ እየባሰ ሄደ።

ዓርብ ጋሼ ከእግር እስከ ራሳቸው ጥቁር ለብሰው መጡ። ጢማቸውን አልነኩትም። ለዳኞቹ ቦዩን፣ መንገዱን፣ የልጆቹን መጫወቻ ሜዳ አንድ በአንድ አስረዱ። ድምፃቸው አልተሰበረም። ስማቸው ሲጠራ ወጥተው የሽልማቱን የነሐስ ሰሌዳ ተቀበሉ። ንግግር አድርጉ ቢባሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«መንደር የሚነደፈው ለሚቀሩት ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አስቻለውም አጨበጨበ፤ እጁ ግን አልሞቀም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሦስቱ ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከጎረቤት የተለመኑ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ጋሼ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«እንኳን ደስ አለህ የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ ነው» አሉ። «ግቡ።»

እትዬ አስናቀች አረዳቻቸው። ጋሼ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ጮኸው አለቀሱ። አስቻለው ከሽማግሌ እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ በልቡ ያማቸውን አስታውሶ አፈረ፤ እግራቸው ሥር ተቀምጦ አብሮ አለቀሰ። ጋሼ በለቅሶው መሐል እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «ተሸክመህ ስትዞር ከብዶህ ነበር።»

መንደሩ አልፈረሰም። ሰሌዳው ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ጋሼ ቀና ብለው ሲያዩት ግን አስቻለው አያስታውስም።

ጋሼ ካረፉ በኋላ አስቻለው ቄሱን ፈልጎ አገኛቸው። ቅደም ተከተሉን ለማረጋገጥ ያህል ነበር የጠየቃቸው።

ቄሱ እንደነገሩት፣ ዳቦው የታደለው አብዱልፈታ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሳምንት ነው፤ የተክሉ አርባ ነበር።