ለሁለት አንድ ጫማ

ታንጉትና ሕሊና ጥቁሩን ታኮ ጫማ የገዙት በጋራ ነው። ዳባት ገበያ ግማሽ ቀን ዞረው ነበር። ታንጉት ዝርግ ጫማ ወድዳ ነበር፤ ሕሊና ግን ፈታኝ ፊት ሲቀርቡ ሥራ ፈላጊ መምሰል አይገባም ብላ ታኮውን አስመረጠቻት። እግራቸው እኩል ስለሆነ አንድ ይበቃናል ተባባሉ።

ይህ የሆነው በተመረቁ ሰሞን፣ የዛሬ አራት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ጫማው አንዴ በአንዷ፣ አንዴ በሌላዋ እግር ጎንደር ሁለት ጊዜ፣ ደባርቅ አምስት ጊዜ፣ አዲ አርቃይ አንድ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ሄዷል። ተረከዙ ሁለቴ ተቀይሯል። ሥራ ግን አልተገኘም። ታንጉት የምትኖረው እዚያው ዳባት፣ ከወንድሟ ቤት ነው። የወንድሟ ሚስት ክፉ ቃል ተናግራት አታውቅም፤ ቢሆንም ታንጉት ምሳ ሲቀርብ መጨረሻ መቀመጥ ከጀመረች ቆይታለች።

ነሐሴ ላይ ደባርቅ ያለ አንድ የገብስ ዘር አከፋፋይ ድርጅት አንድ የመረጃ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሁለቱም የጽሑፍ ፈተናውን አለፉ። ለቃለ መጠይቁም ሁለቱም በአንድ ቀን ተጠሩ። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር።

ጥሪው በፊደል ተራ ስለሆነ ሕሊና ትቀድማለች። እሷ ታኮውን አድርጋ ትገባና ስትወጣ ለታንጉት ታቀብላታለች። ታንጉት እስከዚያው ለክረምት ጭቃ የምታደርገውን ኮንጎ ጫማ አጥልቃ፣ ጠዋት በሚኒባስ ደባርቅ ገቡ።

በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ስልካቸውን ተቀበላቸው። ተጠይቆ የጨረሰ ሰው በጓሮ በር እንደሚወጣና ተራ ከሚጠብቁት ጋር መገናኘት እንደማይችልም ነገራቸው። ልጆቹ ደነገጡ። የጫማውን ነገር አስረድተው ለመኑት። ሽማግሌው ትንሽ አሰበ።

«ቃል አላደርስም» አላቸው። «ጫማ ግን አደርሳለሁ።»

ሕሊና ገባች። ታንጉት እግሯን አግዳሚው ሥር ሸሽጋ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የተደረደሩት ጫማዎች ሁሉ የተወለወሉ ናቸው። ከሕሊና በኋላ አንድ ሰው ተጠራ። ሌላም ተጠራ። ዘበኛው ባዶ እጁን መጣ። ሕሊና ብዙም ሳትቆይ በጓሮ በር መውጣቷን ነገራት፤ በባዶ እግሯ ነው የወጣችው።

«ጫማውን ስጪኝ ብላት ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው ሄደች» አላት፣ ዓይኗን ላለማየት ወደ መሬት እያየ።

ታንጉት ዘበኛው ያላትን ሰምታ ሳትጨርስ ስሟ ተጠራ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። መካከል የተቀመጠው፣ አቶ ይግዛው የሚባለው ሰው፣ ከፊቷ በፊት እግሯን አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ አቀርቅሮ አንድ ነገር ጻፈ። በዚህ ጫማ ከዳባት መምጣቷን ጠየቃት፤ አዎ፣ ጭቃ ነው አለችው። የቀረውን ጥያቄ ሁሉ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው፣ ሳታሳምር መለሰች። የምታውቀውን አውቃለሁ፣ የማታውቀውን አላውቅም ብላ ወጣች።

መናኸሪያው አጥር ሥር ሕሊና ዝናብ እየመታት ቆማ ነበር። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ለብሷል፤ ጫማው በፌስታል ተንጠልጥሏል። ታንጉትን ስታይ የሆነውን ልትነግራት ወደ እሷ መጣች።

«አንድ ሥራ ነው ያለው። ገብቶኛል» አለቻት ታንጉት፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

ሕሊና በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ታንጉት አላነሳችም። አንድ ቀን እቤት ድረስ መጣች፤ ታንጉት «የለችም» አስባለች። ከዚያ ወዲያ ሕሊና አልመጣችም። ታንጉት ልትሰድባትም አልሄደች፣ ለሰውም አላማቻት። ለመቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ደክሟታል። ብቻ የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኝነት ለአንድ ጥንድ ጫማ መሸጡ ከሐሳቧ አልወጣ አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ያለፈው ሰው ስም ተለጠፈ። የታንጉት ነበር። ሕሊና ያን ሁሉ አድርጋ እንኳ አልሆነላትም፣ የእግዜር ፍርድ ነው ብላ አሰበች። ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እንደጠበቀችው አልሆነም።

ማስታወቂያው ያልጻፈውን ነገር ያወቀችው ሥራ ስትጀምር ነው። ሥራው ቢሮ አይደለም፤ ተራራው ላይ፣ ጊች ነው። መኪና ከሚያደርሰው በላይ ያለውን መንገድ በእግር እየወጡ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ የገበሬውን ዘር መመዝገብ ነው። በመጀመሪያው ቀን አቶ ይግዛው ራሱ መንገድ ሊያሳያት አብሯት ወጣ። ሚዛኑንና መዝገቡን በቅሎ ተሸክማለች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ታንጉት ስትፈራው የቆየችውን ጥያቄ እዚያ ጠየቀችው፤ በዚያ ኮንጎ ጫማ ገብታ እንዴት እንዳሳለፏት።

አቶ ይግዛው በኮንጎው ነው ያለፍሽው አላት። ካንቺ አስቀድማ የገባችውን፣ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣችውን ልጅ፣ በታኮዋ ነው የጣልናት አላት። በዚያ ጫማ ይህን ዳገት የምትወጣ አልመሰላቸውም፤ ይህንኑም ሳይደብቁ ነግረዋታል።

«‹የሚቀጥሉትንም የምታዩት በጫማቸው ነው?› ብላ ጠየቀችን፤ አዎ ስንላት እዚያው አወለቀችውና አቅፋው ወጣች።»