በገንቦ ስባሪ የተሰጠ ድምፅ

ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበሩት ስምንት ሳምንታት የጥንት ግሪክ ትምህርት አንድም ቀን በሰዓቱ አልቆ አያውቅም። ለስድስት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ናሁሰናይ እጁን ያወጣና «መምህር፣ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ» ይላል። መልሱ ሲያልቅ የተማሪዎቹ ካፌ ተዘግቷል። የክፍሉ ተወካይ በዚህ ሰበብ አሥራ ስድስት ጊዜ ጦሙን ውሏል።

ማክሰኞ ዕለት መምህሩ የተሰባበረ ገንቦ በከረጢት ይዘው ገቡ።

«አቴናውያን ያልፈለጉትን ሰው ስሙን በሸክላ ስባሪ ላይ እየጻፉ ለአሥር ዓመት ከከተማ ያባርሩት ነበር» አሉ። «እኛ ለአሥር ቀን እናድርገው። ብዙ ድምፅ ያገኘ ሰው ክፍል አይገባም፤ እንደ ቀሪም አይቆጠርበትም። ከእረፍት መልስ ትመርጣላችሁ።»

ተወካዩ በእረፍቱ ከናሁሰናይ በቀር ሃያ አንዱንም ተማሪ በየተራ እየዞረ ለመነ።

«ስለ ምሳችን ስትሉ ናሁሰናይን ጻፉ።»

«አታስብ፣ አለቀለት በለው» አለችው ቤዛዊት። ሌሎቹም እንደዚያው ቃል ገቡለት።

ከእረፍት መልስ መምህሩ ሃያ ሦስቱን ስባሪዎች ሰብስበው ማንበብ ጀመሩ። «ቤዛዊት፣ አንድ። ያፌት፣ አንድ። ሶልያና፣ አንድ።»

ተወካዩ ወደ ቤዛዊት ዘንበል አለ። «አንቺን ደግሞ ማን ጻፈሽ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ጣራ ጣራውን እያየች።

ቆጠራው ሲያልቅ ሃያ አንዱም ተማሪዎች እያንዳንዳቸው የገዛ ስማቸውን ጽፈው ተገኙ። ናሁሰናይ በሁለት ድምፅ ተባረረ፤ አንደኛው የተወካዩ ነበር፣ ሁለተኛው የራሱ የናሁሰናይ።