ከሥልጠና የመጣው ፎቶ

የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ባለፈው ሳምንት ከተሰጠው ሥልጠና በተመለሰች ማግስት መምህራኑን የሕፃናቱ ትንንሽ ወንበሮች ላይ አስቀምጣ ከዚያ ያመጣችውን መጽሐፍ ገለጠች። የሥልጠናው በጀት ከእርዳታ ሰጪዎቹ የመጣው ለመምህራን ነበር። «ቦታው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ድካሙ ለእኔ ይሁን ብዬ እኔው ሄድኩላችሁ» አለቻቸው። ሃያ ዓመት የሦስት ዓመት ልጆችን ያስተማረችው መምህርት ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጣ ሰማቻት።

«ዘመናዊ ማስተማሪያ ማለት ይኼውላችሁ!» አለች ዳይሬክተሯ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ አንድ ፎቶ እያሳየች። በአረንጓዴ ክር የተሰኩ የጠርሙስ ክዳኖችን አንድ እጅ ለሕፃናት ሲቆጥር ያሳያል። አውራ ጣቱ ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ክሩን ከአሮጌ ሹራቧ የተረተረችው መምህርቷ ራሷ ነበረች። አምና እርዳታ ሰጪዎቹ መጥተው ፎቶ ሲያነሱ ፈገግ ብላላቸው ነበር፤ ለካ የፈለጉት እጇን ብቻ ኖሯል።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ...» አለች መምህርቷ።

«አንቺ ደግሞ ነገር አታጪም! መጀመሪያ ስሚ እንጂ። የሠለጠነ ሰው እጅ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

መምህራኑ ሳቁ። ከዚያ ሁሉም «ሠልጥኛለሁ» ብለው የሚፈርሙበት፣ ለእርዳታ ሰጪዎቹ የሚላክ ወረቀት ዞረ። መምህርቷ ጋ ሲደርስ ዳይሬክተሯ መጽሐፉን እንደገለጠች መጥታ የምትፈርምበትን መስመር አሳየቻት። መምህርቷ እስክሪብቶውን ጠባሳው ወደ ላይ እንዲታይ አድርጋ ያዘች። ዳይሬክተሯ የመምህርቷን እጅ አየች፤ ፎቶውን አየች፤ እንደገና እጁን አየች። መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ቀኑን ያለፈውን ሳምንት አድርጊው» አለቻት።