መንገደኛ ሳይገባ

ወይዘሮ ደሳለች ከምራታቸው እጅ መጥረጊያውን ነጠቁ። «መንገደኛ ሳይገባ ቤት አይጠረግም አላልኩሽም? ያ ሁሉ ባሕር ከልጄ ሥር ነው!» ልጃቸው ትናንት ከአዲስ አበባ ወደ አውስትራሊያ በርራ ነበር።

«እማምዬ፣ የአውስትራሊያ መንገድ እኮ በአውሮፕላንም ቀንና ሌሊት ነው። እስከዚያ አቧራ ሊውጠን ነው?» አለች ምራቲቱ እየሳቀች።

ይኸኔ ስልኩ ጮኸ። «እማዬ፣ ደርሻለሁ፤ ደኅና ነኝ!»

ወይዘሮ ደሳለች መጥረጊያውን እንደታቀፉ መደቡ ላይ ዘፍ አሉ። እንባ ቀደማቸው፤ ከዚያ እንደ ልጃገረድ ሳቁ። «እኔ በበቅሎ እዚህ ይፋግ የተዳርኩ ጊዜ፣ ደብረ ታቦር ያለችው እናቴ በደኅና መግባቴን የሰማችው ከወር በኋላ ነው። አንቺ ትናንት ሄደሽ ዛሬ ድምፅሽን ሰማሁት። ለካ ቅርብ ነው የሄድሽው፣ ልጄ!»