ከግንባሬ የወረደው መስቀል

«እማዬ፣ ከእንግዲህ የት ልሳለም?» ብላ ልጄ ትርሲት ጠየቀችኝ። ግንባሬ ላይ የተነቀስኩትን መስቀል ሳትሳለም ተኝታ አታውቅም።

ሐኪሙ አፍንጫዬን ይበላ የነበረውን የቆዳ ካንሰር ቆርጦ ካወጣ በኋላ ቀዳዳውን የሚሸፍንበትን መንገድ ነገረኝ። «ከጆሮሽ ጀርባ የሚወሰደው ቆዳ ስስ ነው፤ ላይዝልሽ ይችላል። የግንባርሽ ይሻላል፤ ግን ንቅሳቱ አብሮ ይወርዳል።»

ባለቤቴ ሳቀ። «ይውረድ! አፍንጫዋ ድሮም ከእሷ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው፤ አሁን ደግሞ መስቀል ይዞ ይገባል።»

እኔ ሳቁን ፈራሁት። ፊቴን ሲያይ ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ።

የግንባሬን ቆዳ አንዱን ጫፍ ከቅንድቤ ሳይለዩ አዙረው አፍንጫዬ ላይ ሰፉት። «እስኪይዝ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቆያል» አለ ሐኪሙ። «አፍንጫሽ ሲነካ ግንባርሽ ላይ ይሰማሻል፤ አትደንግጪ።»

ቤት ስገባ ትርሲት አየችኝና ጮኻ የአያቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። እኔም እንዳላስፈራት ጓዳ ገብቼ ተጋደምኩ።

አመሻሹ ላይ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ግንባሬ ላይ ከንፈር አረፈ። እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ፣ እዚያው ቦታ።

«ትርሲቴ፣ መጣሽልኝ?»

«እኔ ነኝ» አለ ባለቤቴ። አጎንብሶ አፍንጫዬን ተሳልሞ ነበር።

«እሷስ?»

ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ፈርታ ከአያቷ ጋር ወደ አያቷ ቤት ሄዳለች፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ» አለ።