ቢጫው ቅባት

ምራቲቱ የመዋቢያ ዕቃ መደብር ውስጥ ሻጭ ነበረች። ማዲያት የሚሸፍነውን፣ ጠባሳ የሚደብቀውን፣ ላብ የማያስለቅቀውን ፓውደር ለይቶ በማወቅ የሚወዳደራት አልነበረም። ደንበኞች ሌሎቹን ሻጮች አልፈው እሷን ይጠይቁ ነበር። ራሷም ብትሆን ሳትቀባባ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

እንዲህ ላለች ሴት ነው እንግዲህ አማቷ በአሮጌ የማርማላታ ጠርሙስ ቢጫ ቅባት እየሞሉ የሚያመጡላት።

አማትየው የድሮ ሰው ናቸው። መስታወት በኮምጣጤ፣ ድስት በአመድና በሎሚ ነው የሚያጸዱት። ሳሙናቸውን ራሳቸው ያፈላሉ። ቅባቱንም የንብ ሰም አቅልጠው፣ የጉሎ ዘይትና ካምፎር ጨምረው በእጃቸው የሚሠሩት ነው። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

«ስትተኚ በስሱ ቀቢው። እንዳታሺው» ይሏታል ሁልጊዜ።

ከመስጠታቸው በፊት አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ መስኮቱ ያዞሩታል። አንዱን ጉንጭ ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ። ገበያ ላይ እንደሚመረጥ ቲማቲም ሲያገላብጧት ውስጧ እርር ይል ነበር። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት፣ ስታገባ እናትም አብሬ አገኘሁ ብላ ተደስታ ነበር። አሁን ግን ሴትየዋ አንድም ቀን መልኳን ወደውላት እንደማያውቁ እርግጠኛ ሆናለች።

ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማ ጎረቤት የለም። ጠርሙሱን ቁምሳጥኑ ላይ ያየው ዕለት ግን ፊቱ ጠቆረ። እናቱ ጃጅተው መቀባጠር እንደጀመሩ ነገራትና ቅባቱን ቆሻሻ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ወዲህ ነገር እንዳይነሳ ብላ የሚመጣውን ሁሉ ሳትከፍት ከአልጋው ሥር ትሸጉጠው ጀመር።

አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ጉዳዩን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «ከልጃቸው ሊነጥሉሽ ነው። አደራሽን፣ ጣትሽን እንኳ እንዳታስነኪው» አለቻት።

በሙቀቱ ወራት አንድ ቀን ግንባሯ አብጦና በልዞ አደረ፤ ለሚጠይቃት የቁምሳጥኑ በር ነው የመታኝ ልትል አስባለች። ጠዋት ፓውደሯን ደረብ አድርጋ፣ እጅጌ ረጅም ሹራብ ለብሳ ሥራ ገባች። በዚህ ሙቀት ሹራብ ብለው ጓደኞቿ ሲቀልዱባት፣ ብርድ ብርድ ብሎኛል አለች።

ከሰዓት በኋላ አማትየው መደብሩ ድረስ መጡ። ልጃቸው በማለዳ ሳይጠበቅ እሳቸው ቤት መጥቶ ቁርስ እንደበላ ነገሯት። ከዚያም ውድ ክሬም የምታስመርጣት ደንበኛ ፊቷ ቆማ እያለች፣ ያንን ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አኖሩት። ፊቷን ትኩር ብለው አይተው ወጡ። ደንበኛዋ አፍንጫዋን ያዘች። ጓደኞቿ ሳቃቸውን ዋጡ። ምራቲቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከሥራ እንደወጣች ጠርሙሶቹን ሁሉ በከረጢት ሰብስባ አማቷ ቤት ሄደች። አማትየው የበሩን እንጨት በሰም እየወለወሉ አገኘቻቸው። ከረጢቱን እግራቸው ሥር አስቀመጠችው። ሳታለቅስ ለመናገር አስባ ነበር፤ አልሆነላትም።

«እማማ፣ ፊቴ ካስጠላዎት በግልጽ ይንገሩኝ። ልጅዎ ከእኔ የተሻለች ይገባው ነበር ካሉም እዚሁ ይበሉኝ።»

አማትየው ጨርቃቸውን አስቀመጡ። እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧትና ወንበር ላይ አስቀመጧት። መሀረባቸውን በውኃ አርሰው የግንባሯን ፓውደር ቀስ እያሉ ጠረጉት። አልተከላከለቻቸውም። ከዚያ ከጠርሙሶቹ አንዱን ከፈቱ።

«ለውበት መሰለሽ ልጄ? አባቱ በመታኝ ቁጥር የምቀባው ይኼንን ነበር።»