ገለባ የወጣበት ቤት

ከተማው ከሥሩ የነበረውን ውኃ ጠጥቶ ከጨረሰ ወዲህ፣ መሬቱ በየዓመቱ ተሰርስሮ ካልተመረመረ ማንም በገዛ ቤቱ ማደር አይችልም። ሰርሳሪው ምንውዬለት መሰርሰሪያውን ተሸክሞ እማማ አጸደ ቤት የገባው ጫማውን አውልቆ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ነበር። ከጎናቸው የነበረው ግቢ አምና ከነሰዎቹ ሰምጧል። በሙቀጫቸው ውስጥ ጤና አዳም በቅሎበታል፤ መውቀጥ መሬት ይንዳል ተብሎ ከተከለከለ ስምንት ዓመቱ ነው።

"ግባ የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ብቻ" አሉትና አልጋቸውን ገፋ አድርገው ከሥሩ ያለውን የመመርመሪያ ጉድጓድ ክዳን ከፈቱለት።

አምና መሰርሰሪያው አሥራ ሁለት ሜትር ወርዶ ጥሩ ጭቃ ይዞ ወጥቶ ነበር። ዘንድሮ አራት ሜትር ሳይሞላ በባዶው ይሽከረከር ጀመር። ምንውዬለት ጎትቶ ሲያወጣው ጫፉ ላይ የተገኘው እፍ ቢሉት የሚበን ደረቅ አፈር ነው። ሰርሳሪዎች ለእንዲህ ያለው አፈር ያወጡለት ስም አለ፤ ያ ስም የተጻፈበት ቤት ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቀቃል።

እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

"ምን ወጣ?" አሉት።

"ገለባ ነው፣ እማማ።"

እማማ አጸደ የሟች ባላቸውን ፎቶ ከግድግዳው አወረዱና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ደምሰውን የቀበርን ዕለት፣ 'አፈሩን ገለባ ያድርግለት' እያልኩ ስማጸን ዋልኩ" አሉ። "ለካ እግዜር ሰምቶኝ ኖሯል። ቤቱን ነው የተሳሳተው።"